ስድሳ ችካል

አክስቱ ወለተ ኪዳን ደም የደረቀበትን ሸሚዝ እንዳላማው ጉልበት ላይ ጣሉት። ሠልስት ነበር፤ ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል።

«ምንሽሩን ለሰርግ ነው እንዴ የገዛኸው?» አሉት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

እንዳላማው ጠመንጃውን ወደ ጎኑ ሳብ አደረገ። ወንድሙን መምህር አንለይን የገደለው ይስማው ከወንዝ ማዶ እህቱ ቤት መደበቁን ለቀስተኛው ያንሾካሹካል። እንዳላማው ዛሬ ካልተነሳ ወንድ እንደማይባል ያውቃል።

አንለይ ሳይንስ ያስተምር ነበር። ስለ አፈር መሸርሸር ክፍል ውስጥ ማስተማር አይሆንለትም፤ ሰሌዳ ላይ ጎርፍ አይወርድም ይል ነበር። ተማሪዎቹን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ቦረቦር ወስዶ ስድሳ ችካል አስተከላቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ። ክረምት ሲወጣ ችካሉ ምን ያህል ከአፈር እንደተራቆተ ይለካሉ፤ ከዚያ ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ሣር ይተክላሉ። ችካሎቹን ከባሕር ዛፍ ጠርቦ የሰጠው እንዳላማው ራሱ ነበር።

ዓመቱ ግን የመሬት ሽግሽግ ዓመት ነው። ችካል ያየ ገበሬ መሬቱ ሊቆረስ እንደሆነ ያስባል። ይስማው ከቦረቦሩ በሚዋሰነው እርሻው ጥግ ላይ አሥራ አንድ ችካል ቆጠረ።

አንለይ አጎንብሶ ሲለካ የመጀመሪያው ምሳር ማጅራቱ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ችካሉን የጨበጡትን ጣቶች ቆረጠ። ሦስተኛውን ያየ የለም፤ ተማሪዎቹ በመምህራቸው ደም እየተንሸራተቱ ሮጠው ነበር።

የሟቹ ሚስት እቴናት ከእንዳላማው አጠገብ ተቀመጠች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«አያ እንዳላማው፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ይስማውና እሱ ሰላም ነበሩ። መሬትህን ሊወስድብህ ነው ብሎ የነገረው ማን ነው?»

ምንሽሩን ጨበጠ። አንለይ ከመገደሉ በፊት እሱና ይስማው ከአማኑኤል ገበያ ሲመለሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ይስማው ችካሉ ለምን እንደሆነ ጠየቀው፤ እሱም ጠላው ሞቅ አድርጎት፣ ወንድሜ መሬትህን ለእኔ እየለካልኝ ነው፣ አልነገረህም? ብሎ ሳቀ። ይስማው አልሳቀም። አሁን ሄዶ ቢገድለው ይህን ቀልድ የሚያውቅ አይኖርም። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስብ የከረመው ይህንኑ ነበር።

«እኔ ነኝ» አላት።

ሁሉንም ነገራት፤ ድንኳኑም ሰማ። አክስቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እቴናት ደረቱን በቡጢ መታችው፣ ደጋግማ መታችው፤ እጇን አልያዘም። ሲደክማት ምንሽሩን እግሯ ሥር አስቀመጠላት።

ጠመንጃውን አላየችውም። ሸሚዙን ከጉልበቱ ላይ አነሳች፣ እጅጌውን ከእጅጌው አገናኝታ አጣጠፈችው፣ ከእሱም ራቅ ብላ ተቀመጠች።