የአብራሪ ጃኬት

ጌታነህ ጃኬቱን የገዛው ሸዋ በር አጠገብ ካለው ከፈይሰል ሱቅ ነው። ፈይሰል በጅግጅጋ በኩል የሚገባ ልብስ ይሸጣል። ጃኬቱን ከላስቲኩ ሲያወጣው የቆዳው ሽታ ጠባቧን ሱቅ ሞላት። ቡናማ ነው፤ አንገቱ የበግ ፀጉር አለው፣ የእጅጌውና የወገቡ ጫፍ በሹራብ ተሠርቷል፣ ደረቱ ላይ ክንፍ የታተመበት ቁራጭ ቆዳ ተሰፍቶበታል። ድሮ በጦርነት ጊዜ አብራሪዎች ይለብሱት የነበረውን አስመስለው አሁን ፓኪስታን ውስጥ የሚሰፉት ዓይነት ነው።

«ኦርጅናል ኮፒ ነው» አለው ፈይሰል። «ወላሂ፣ ሐረር ውስጥ እንዲህ ያለ ሁለተኛ አታገኝም።»

ጌታነህ ያደገው ቢሾፍቱ ነው። ጄቶቹ የቤታቸውን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጡ ሲያልፉ እናቱ ጆሮዋን ስትይዝ፣ እሱ ደጅ ወጥቶ አንጋጦ ይቆም ነበር። አድጎ ለአየር ኃይል ተመዘገበ፤ ዓይኑ ሲመረመር ወደቀ። ከዚያ ኮሌጅ ገባ፣ የመንግሥት ሥራ ያዘ፣ ሐረር ተመደበ። አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ግን እስከ ዛሬ አውሮፕላንና የአብራሪ ልብስ ብቻ ነው።

ሚስቱ ብርነሽ ጃኬቱን ስታየው አልወደደችውም።

«ያምራል» አለች ሳትነካው። «ግን ለብሰኸው አትውጣ። የወታደር ነገር ነው። ሰው ምን ብሎ እንደሚያይህ አታውቅም፤ ጊዜው ደግሞ ይኸው እንደምታየው ነው።»

«የገበያ ልብስ እኮ ነው፣ ብርነሽ።»

«ለሚያውቅ ሰው።»

እሱ ግን ለበሰው። በሳምንቱ ሻይ ቤት ያለው አስተናጋጅ «ካፒቴን» ብሎ ጠራው። ሲስቅ ስላላየው ጌታነህም አልሳቀም። ከዚያ የሚኒባሱ ረዳት፣ ከዚያ ጋዜጣ የሚሸጠው ሰውዬ። አንድ ቀን የማያውቀው ሽማግሌ «አየር ኃይል ነበሩ አሉ?» ብለው ሲጠይቁት «ብዙ ጊዜ ሆነው» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጀርባው ላይ ላብ ተሰማው፤ ግን አላስተካከለውም። እንዲህ ተባለ፤ ወሬው ከሱ ቀድሞ ከተማውን ዞረ።

ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ አንድ ሰው እንደሚከተለው ያወቀ ጊዜ ግን የብርነሽ ቃል ትዝ አለው። ሰውየው ስድሳውን ያለፈ ነው፤ ሽርጥ ታጥቋል፣ ጫማው አፈር ለብሷል፣ እጁ ላይ ወፍራም ዱላ ይዟል። ጌታነህ ጊዲር መጋላ ገበያ ገብቶ በእህል ሻጮቹ መሃል ተሽሎከለከ። ዞር ሲል ሰውየው ከማሽላው ጆንያዎች ጀርባ ቆሞ ዓይኑን አልነቀለበትም። ጌታነህ ቲማቲም እንደሚገዛ ሰው ጎንበስ አለ። በዚህ ጊዜ ሰው ሰውን ለምን እንደሚከተል ማን ያውቃል? ወንድሙን፣ አባቱን ያጣ ይሆናል። ዩኒፎርም ለባሽ የበደለው ይሆናል።

ወደ ጀጎል ውስጠኛ መንገድ ታጠፈ። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ሆነ፤ መጨረሻውም የተዘጋ የሰው በር ነው። በሩን ገፋው፣ አልተከፈተም። ሲዞር ሰውየው የመንገዱን አፍ ዘግቶ ቆሟል።

«ካፒቴን» አለ ሰውየው እያለከለከ። «አይሩጡብኝ። ሽማግሌ ነኝ።»

«ምን ፈለጉ?» የጌታነህ ድምፅ ቀጠነ።

«ዓብዱላሂ እባላለሁ። ከኤረር በር ወዲያ ገበሬ ነኝ። አንድ ነገር ላሳይዎ ብዬ ነው። ከአውሮፕላን የወደቀ ነገር።»

ሰውየው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነገሩን አወጋው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ እሱ ገና ልጅ ሳለ፣ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ማሳቸው ላይ ወድቆ ሳይፈነዳ ቀረ። አባቱ ለማንም ሳይናገር ድንጋይ ደርድሮ እርከን ሠራበት። ዘንድሮ ዝናቡ እርከኑን ናደውና ብረቱ ብቅ አለ። የሴት ልጁ የሳፊያ ባል ነስሮ ደግሞ ጎትቼ አውጥቼ ለብረት ገዢ እሸጠዋለሁ ብሎ ተነሥቷል።

«ለመንግሥት ለምን አልተናገሩም?»

«መሣሪያ ተገኘባቸው ይሉና ቤታችንን ይፈትሻሉ። እንፈራለን። ነስሮን ‹የሚያውቅ ሰው አይቶ እስኪነግረን ጠብቅ› አልኩት። ስለ እርስዎ ገበያ ላይ ሰማሁ። አላህ ነው ያገናኘን። የሞተ ነው ወይስ ገና የሚፈነዳ፣ እሱን ብቻ ይንገሩን።»

ጌታነህ እስትንፋሱ ተመለሰ። ሰውየው ሊገድለው አልመጣም። በዚያ ደስታ ውስጥ ሆኖ፣ አፉ ከሐሳቡ ቀደመና «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ።

ዓርብን ሙሉ ሲፀጸት ዋለ። ለብርነሽ አልነገራትም። ልቅር ብሎ አሰበ፤ ግን ሽማግሌው መሥሪያ ቤቱን ያውቃል። አይቼ፣ አትንኩት ብዬ እመለሳለሁ አለ በልቡ። ማንም ሰው ቢሆን የሚለው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዓብዱላሂ ኤረር በር ላይ ጠበቀው። ባጃጁ አስፋልቱ ሲያልቅ አወረዳቸው፤ ከዚያ በጫትና በማሽላ ማሳዎች መሃል በእግር ቁልቁል ወረዱ። ፀሐዩ ሲከር ጌታነህ ጃኬቱ ውስጥ ተቀቀለ፤ ግን አላወለቀውም። ሳያወልቀው የቀረው ስለምን እንደሆነ ራሱም ያውቀዋል።

ከእርከኑ በላይ ካለችው የድንጋይ ቤት ሳፊያ ሕፃኗን አዝላ ወጣችና ውሃ ሰጠችው። ነስሮ ሰፊ ትከሻ ያለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ነው፤ ዲጅኖና ገመድ አዘጋጅቶ ተቀምጧል። ተነሥቶ ሁለት እጁን አጣምሮ ጨበጠው።

«እንኳን መጡልን፣ ካፒቴን። ሰኞ ብረት ገዢው መኪና ይዞ ይመጣል። እርስዎ ካዩት እንገላገላለን።»

ቦምቡ እርከኑ የተናደበት ቦታ ላይ፣ ግማሹ ጭቃ ውስጥ፣ የተኛ ጥጃ መስሎ ይታያል። ዝጎ ቀልቷል። የጅራቱ ብረቶች ተጣመዋል፤ አንዱ ላይ ሳፊያ የሕፃኑን ጨርቅ አስጥታበት ነበርና ሮጣ አነሣችው።

ሰዎቹ ወደ ኋላ አሉ። እሱ ብቻውን ቀረ። በስልክ ያየው ሥዕል ሁሉ ከራሱ ጠፋ። እግሩን አንሥቶ ሲጥል አፈሩ ቢንሸራተትስ ብሎ ፈራ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ጎንበስ ብሎ ያየ መሰለ። ዝንብ ብረቱ ላይ አረፈች። የዝንቧ ክብደት እንኳ አስፈራው።

እያፈገፈገ ተመለሰ። «አልሞተም» አለ። «እንዳትነኩት። ማንም እንዳይቀርበው።»

«ያ ረቢ!» አለች ሳፊያ።

ነስሮ ግን ፊቱ በራ። «በሉ እንግዲህ፣ እርስዎ ይግደሉልን።» ከኪሱ ትልቅ መፍቻ አውጥቶ ዘረጋለት። «አፍንጫው ላይ የሚፈታ ነገር አለው፤ እኔም ለመፍታት ሞክሬ ነበር። እርስዎ ዘዴውን ያውቁታል።»

«ሞክረህ ነበር?»

«ትንሽ ዞሮልኛል።»

ጌታነህ መፍቻውን አየው። እጁ አልዘረጋ አለ። ሦስቱም ያዩታል፤ በሽማግሌው ፊት ላይ ያለው እምነት ከሁሉ የባሰ አስጨነቀው። አሁን ሄጄ መሣሪያ ይዤ ልምጣ ብሎ ቢጠፋ ነስሮ ሰኞን አይጠብቅም።

«አልችልም» አለ። «እኔ... አባባ ዓብዱላሂ፣ እኔ አብራሪ አይደለሁም። አውሮፕላን ውስጥም ገብቼ አላውቅም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ይህን ጃኬት ከሸዋ በር ነው የገዛሁት። ሰዎች ካፒቴን አሉኝ፣ ዝም አልኩ።»

ዓብዱላሂ ዱላውን መሬት ላይ ተከለና በላዩ ተደገፈ።

«ሱብሐነላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ታዲያ ለምን መጣህ፣ ልጄ?»

ነስሮ መፍቻውን ወደ ኪሱ መለሰና ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም።

«ቆይ እስቲ። አብራሪ ካልሆንክ፣ አለመሞቱን በምን አወቅክ?»

«አላወቅኩም። ግን...»

«አላወቅክም! ዋሽተህ መጣህ፣ ዋሽተህ አስፈራራኸን። አርባ ምናምን ዓመት በላዩ ላይ ታርሷል፣ በሬ ቆሞበታል። ብረት ነው! የሞተ ብረት!»

ዲጅኖውን አነሣ። ሳፊያ ስሙን ጠርታ ጮኸች፤ ሽማግሌው እጁን ሊይዝ ቢሞክር ነስሮ ሳይመታው፣ ግን በኃይል ገለል አደረገው። ወደ ቦምቡ ወረደ። ጌታነህ እውነቱን በመናገሩ ያስጠነቀቀውን ነገር ሁሉ ራሱ እንዳፈረሰው ገባው። ሽሽ አለው ሰውነቱ ሁሉ። ሽቅብ ያለው መንገድ ክፍት ነው፤ ቤቱ ጀርባ ቢደርስ ይተርፍ ይሆናል።

እንዴት እንዳደረገው አያውቅም፤ ከነስሮ ቀድሞ ወረደና ቦምቡ አጠገብ፣ በነስሮና በብረቱ መሃል፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ጀርባው ብረቱን ነካ። ቆዳው ውስጥ ዘልቆ ቀዝቃዛነቱ ተሰማው።

«ተነሣ!» አለ ነስሮ።

«አልነሣም።»

«ተነሣ አልኩህ!»

«የሞተ ከሆነ ምን ያስፈራሃል? እዚሁ እያለሁ ምታው።» ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስለነበር ቃላቱ ተቆራርጠው ወጡ። እንባው ይወርዳል፤ ሱሪው ረጥቧል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። «ምታው። ግን መጀመሪያ ሳፊያ ልጇን ይዛ ትሂድ። አባባም ይሂዱ።»

ነስሮ ዲጅኖውን እንዳነሣ ቆመ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ሳፊያ የሕፃኑን ራስ በመዳፏ ሸፍና ቆማለች፤ አትሄድም፣ አትቀርብም።

«ነስሮ» አለ ዓብዱላሂ ከላይ ሆኖ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ብረቱን አስቀምጥ።»

ዲጅኖው ቀስ ብሎ ወረደ። ነስሮ ራቅ አድርጎ፣ እንደሚተኛ ሕፃን፣ ሣር ላይ አጋደመው።

በዚያው ቀን ጌታነህና ዓብዱላሂ አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሽማግሌው መግቢያው ላይ እግሩ ተሳሰረ፤ ጌታነህ ክንዱን ይዞ አስገባው። ራሱም ቢሆን ፖሊሶቹ ጭቃ የለበሰውን ጃኬት እያዩ «ይህን ማን ሰጠህ? የየትኛው ክፍል ነህ?» ብለው ደጋግመው ሲጠይቁት ዛሬ ቤቴ አልገባም ብሎ ነበር። ፓኪስታን የሚለውን ጨርቅ ከአንገቱ ገልብጦ አሳያቸው። አንዱ ፖሊስ አንብቦ «ይሄማ ልብስ ነው» አለና ተዋቸው። የማንንም ቤት የፈተሸ አልነበረም።

ማክሰኞ የመሐንዲስ ወታደሮች መጡ፤ አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ልደት የምትባል ቀጭን ሴት ናት። ብቻዋን ወርዳ ብዙ ቆይታ ተመለሰች።

«አፍንጫውን ማን ነው ያዞረው?»

ነስሮ እጁን አነሣ።

«አጠገቡ የተቀመጠውስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ጌታነህ።

ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ሁለተኛ እንዳታደርጉት» አለች። «እዚህ ቆማችሁ የምታናግሩኝ በዕድል ነው።»

«ማንሣት አይቻልም፤ እዚሁ እናፈነዳዋለን» ብላ ሰዎቹን ሁሉ ከኮረብታው ጀርባ በሆዳቸው አስተኛቻቸው። ጌታነህ ፊቱን አፈር ውስጥ ቀበረ። በግራው ዓብዱላሂ ሸሃዳውን ያነበንባል፣ በቀኙ ነስሮ የሕፃኑን ጆሮ ይዟል። ሲፈነዳ ድምፁ ከጆሮ ሳይሆን ከሆድ ነው የተሰማው። መሬቱ አንሥቶ መታቸው። ከዚያ ድንጋይ ዘነበ።

ሲነሡ እርከኑ የለም። ማሽላው ተነጥፏል፣ የሳፊያ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ በቦታው በሬ ከነቀንበሩ የሚውጥ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ነስሮ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄዶ አየና እዚያው ቁጢጥ አለ።

ጌታነህ ሲሄድ ነስሮ ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ሸኘው። ባጃጅ ሲመጣ፣ «ግድግዳውን ስንሠራ ና» አለው። «ጭቃ ማቡካት ማንም ይችላል።»

ማታ ጌታነህ ለብርነሽ ሁሉንም ነገራት፤ ካፒቴን ሲሉት ዝም ማለቱን፣ ሱሪው መርጠቡን ሳይቀር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው።

«ለምን አልሮጥክም?» አለችው በመጨረሻ።

አሰበበት። እውነቱን ሊነግራት ፈለገ።

«እንጃ» አለ። «ወርጄ መቆሜን አስታውሳለሁ። የተቀመጥኩት ግን ጉልበቴ ከድቶኝ ይመስለኛል።»