ማኅተም ያላነበበችው አይወጣም

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የተጻፈ ነገር አንብባ «አልገባኝም» ስትል ጥፋቱ የማን ነው? የልጅቷ ወይስ የጸሐፊው? ቶሎ አትመልሱ። እኔ አስተማሪ ሆኜ እንኳ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የልጅቷ ነው ብዬ ኖሬያለሁ።

አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከአሥራ አንድ ልጆች ጋር በትምህርት ቤታችን ድረ ገጽ ላይ ጋዜጣ ጀመርን። ሰባት ታብሌት አለን፤ የአንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። ከልጆቹ ሁለቱ ከእኔ የተሻለ ይጽፋሉ። አንዱ ግራ እጁ ስለማይታዘዝለት በአንድ ጣት ነው የሚተይበው፤ ለራሱ «ጥይቱ» የሚል ስም አውጥቷል። አንዷ ሰው ፊት ትንፍሽ አትልም፤ ፎቶ ላይ ግን የሚደርስባት የለም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ደግሞ ፊደሉ እየተምታታባት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ዳገት የምትወጣ ይመስል ያልባታል።

«ለእሷስ ምን ሥራ እንስጣት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ቲቸር፣ እሷ ታጨብጭብልን» አለ ጥይቱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም ቀድማ የሳቀችው እሷ ነበረች። ደሜን ያፈላውም ይኸው ነው፤ ለምዳዋለቻ!

«እንግዲያው ስሙኝ» አልኩ፤ «ከዛሬ ጀምሮ እሷ አንብባ በራሷ አፍ ያልነገረችን ጽሑፍ አይወጣም።»

እውነቱን ለመናገር ልቀጣቸው ብዬ ነው። ግን ሥርዓት ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ጎበዞች ስለ ኳስ ግጥሚያ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈው መጡ። ልጅቷ ጣቷን ከቃላቱ ሥር እየጎተተች አነበበች፤ እነሱ ወንበር ላይ ይቁነጠነጣሉ።

«‹ከፍተኛ ፉክክር የታየበት› ምንድን ነው?»

«በጣም ተጫወቱ ማለት ነዋ!»

«እሺ፣ ማን አሸነፈ?»

ጎበዞቹ ተያዩ። አንድ ገጽ ሙሉ ሲጽፉ ማን እንዳሸነፈ መጻፉን ረስተውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ማኅተም ተባለች።

አንድ ማክሰኞ ዳይሬክተሩ በጋዜጣው እንዲወጣ ብለው መልእክት ላኩ። «የተማሪዎች የንባብ ድጋፍ መስጫ ክፍል የአገልግሎት አሰጣጡን ለማሻሻል ሲባል ለጊዜው ከአገልግሎት ውጭ እንዲሆን መወሰኑን እናሳውቃለን» ይላል። ማኅተም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር።

«አልገባኝም» አለች። «ሰኞና ሐሙስ የምሄድበት ክፍል ነው?»

«እሱ ነው።»

«ተዘጋ?»

«ሄዳችሁ እዩ» አልኩ። ጥይቱና ፎቶ አንሺዋ ሮጠው ሄደው ፎቶ አንስተው መጡ።

«ቲቸር፣ ትልቅ ጠረጴዛ ገብቷል! አሥራ ሁለት ወንበር ቆጠርኩ። ሶፋም አለ! የስብሰባ ክፍል ሆኗል አሉን።»

ማኅተም ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ በራሷ አፍ ነገረችን፤ ጥይቱ በአንድ ጣቱ ተየበው፦ «ማንበብ የሚከብደን ልጆች የምንማርበት ክፍል ተዘግቷል። የስብሰባ ክፍል ሆኗል። መቼ እንደሚከፈትልን አልተነገረንም።» ከፎቶው ጋር አወጣነው።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ።

«ማንበብ የማትችል ልጅ አርታኢ ያደረገ ትምህርት ቤት የት አይተሻል?» አሉ። «መሳቂያ አደረግሽን እኮ!»

«ውሸት አለበት?»

«ስለ ውሸትና እውነት አላወራሁሽም። ከስድስት ሰዓት በፊት ይውረድ። ልጅቷም ከዚያ ሥራ ትነሳ። አለዚያ ጋዜጣ የሚባል ነገር የለም።»

ነገር ሲሉኝ የማልችል ሴት፣ ምላሴን ዋጥኩ። ለአሥራ አንዱም ልጆች ብዬ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ጽሑፉን አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ገጹን ከፈቱ።

«ቲቸር፣ የለም! ኔትወርክ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ኔትወርክ ነው።»

ማኅተም ቀና ብላ አየችኝ። «ሌላው ሁሉ አለ እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

«ውሸት ነበረበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ እኔ ሳላይ ነው የጠፋው?»

ይህችን ልጅ ከሥራዋ ያነሳኋት ዳይሬክተሩ ሳይሆኑ እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ልጆቹ ሲለቀቁ የማኅተም እናት ወሬውን ሰምተው መጡ። ሜትሩን ከአንገታቸው እንኳ አላወለቁትም።

«እባክሽ መምህርት፣ ልጄ ላይ ጥርስ እንዳይነክሱባት። ይቅርብን።»

«እማዬ፣ ክፍሉ ከቀረ እኮ ማንበብ አልችልም» አለች ማኅተም። አላለቀሰችም፤ ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

እናትየው ሜትሩን በጣታቸው ሲጠቀልሉ ቆዩ።

«ሰኞና ሐሙስ ደጃፉ ላይ ቆሜ የምጠብቃት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከተጻፈ የእኔም ቃል ይግባ። ሁለት ወር ስትማር የእኔን የደንበኞች ስም ማንበብ ጀምራ ነበር ብላችሁ ጻፉ።»

ጻፍን። ማኅተም አነበበች፣ በአፏ ነገረችን፣ መልሰን አወጣነው። በማግስቱ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ጠበቀን። አሁን ገጹ ሲከፈት የሚታየው የዳይሬክተሩ ፎቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በወረቀት አትሜ በግቢው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማኅተም አይታዋለች። ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ሁለት አንቀጽም አስወጣችኝ።

«ስድቡ ምን ይሠራል ቲቸር?» አለች። «ጥያቄው የት እንዳለ ጠፋብኝ እኮ።»

እውነቷን ነው። ጥያቄው ይኸው።

አቶ ዳይሬክተር፣ ቢሮ አስጠርተው ለብቻዬ አይንገሩኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ወላጆች ሲሰበሰቡ ማይክራፎኑን ይያዙና ይመልሱ፦ የንባብ ክፍሉን ለምን ወሰዱት? ልጆቹስ በስንት ቀን ይመለሱበታል? ማኅተም ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የሚመልሱት ለእሷ ነው፤ አልገባኝም ካለችዎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይድገሙላት።