መሞት እምቢ ያሉት

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በአሜሪካ፣ ኦተር ክሪክ በተባለ ወንዝ ዳር የኬንታኪ ሰፋሪዎች ክፉኛ ተሸንፈዋል። የአገሩ ባለቤቶች የሾኒ ሰዎች ከቁጥቋጦው ውስጥ ተኩስ ከፈቱ፤ የእኛዎቹ ግማሾቹ እዚያው ወደቁ፣ የቀሩት ጠመንጃቸውን እየጣሉ ፈረጠጡ። ይኸው ነው ታሪኩ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ውጊያውን ለተመልካች ስናሳይ ግን አሸናፊዎቹ እኛ ነን፤ መሞት የሚፈልግ ሰው የለማ!

የብርዱን ወራት ሙሉ የአጋዘን ቆዳ ልብሱን በእጁ ሲሰፋ የከረመ፣ ባሩድ የገዛ፣ ግማሽ ቀን መኪና የነዳ ሰው በመጀመሪያው ተኩስ ወድቆ ሣር ላይ መዋል አይፈልግም። ይገባኛል። እኔም በዚህ ነገር ፍቅር ከተለከፍኩ ቆይቻለሁ። ሚስቴ "ከእኔ ይልቅ ለሙታኑ ታስባለህ" ትለኛለች፤ አልዋሸችም።

ዘንድሮ አዝማች ያደረጉት እኔን ነው። ወዲያው ኦክላሆማ ለሚኖሩት ለሊላንድ ደወልኩላቸው። ሊላንድ ሾኒ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። እስከ አምና ድረስ ሾኒ ሆነው የሚጫወቱት ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ የእኛው ጎረቤቶች ነበሩ። ሊላንድን ከዚህ በፊትም ለምኛቸው "ለመሸነፍ ብዬ ይህን ሁሉ መንገድ አልመጣም" ብለውኛል። አሁን ግን "እንደሆነው እናሳየዋለን፤ ታሸንፋላችሁ፤ ቃሌ ነው" አልኳቸው። የወንድማቸውን ልጆችና ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። "አንዴ እንኳ ስናሸንፍ ትየን" አሉኝ።

በጨዋታው ቀን ጠዋት ኮፍያዬ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቦሎቄ ጨምሬ በድንኳኖቹ መሐል እየዞርኩ የእኛዎቹን ዕጣ አስወጣሁ። ጥቁር የደረሰው ይወድቃል፣ ነጭ የደረሰው ይሸሻል።

"ቱርማን፣ እኔ አምናም ወድቄያለሁ እኮ!" አለኝ ቨርጂል፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ጥቁሯን እያሳየኝ።

"አምና ወደቅህና ተነሥተህ ሦስት ሰው ገደልክ!"

"ቆስዬ ነበራ!"

"ዘንድሮ ሙት። በሞቴ፣ ሙትልኝ!"

ሳቁ። ሁሉም እሺ አሉ፤ ቨርጂልም ጭምር።

ከሰዓት በኋላ የሊላንድ ሰዎች ከቁጥቋጦው ተኮሱ። እኔ ምሳሌ ልሁን ብዬ ደረቴን ይዤ ተዘረርኩ። ጉንጬን መሬት ላይ ለጥፌ የሌሎቹን መውደቅ ጠበቅሁ። አንድም ሰው አይወድቅም! ቨርጂል "ሳቱኝ! ሳቱኝ!" እያለ በላዬ ተሻግሮ ሮጠ። ጥቁር የደረሳቸው ሁሉ እሱን ተከተሉ፤ መሸሽ የነበረባቸውም ይህን ሲያዩ ወደፊት ገቡ። ተነሥቼ ከቨርጂል ጋር አንገት ለአንገት ብንያያዝ ደስ ባለኝ። ግን የሞተ ሰው ጨዋታው ሳያልቅ ከሜዳ አይነሣም፤ የሥራችን የመጀመሪያ ሕግ ነው፣ የሚያከብረውም እኔ ሞኙ ብቻ ነኝ።

"ውደቁ! እናንተ የማትረቡ፣ ውደቁ!" አልኩ ጥርሴን ነክሼ። ማን ሰምቶኝ!

ጠመንጃው ጥይት ባይጎርስም ባሩዱ በቅርብ ከተተኮሰ ፊት ያቃጥላል። የሊላንድ የወንድም ልጆች እየተሳደቡ ወደ ጫካው አፈገፈጉ። የድምፅ ማጉያው "ለጀግኖቻችን አጨብጭቡ!" እያለ ይጮኻል። 

ሊላንድ አልሮጡም። በዚያ ሁሉ ጭስ መሐል ቀስ ብለው መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ሞተሃል?"

"ሞቻለሁ።"

"ከእናንተ መሐል ቃሉን የጠበቀ ሬሳው ብቻ ነው።"

"አፈርኩብዎ፣ ሊላንድ። ለከርሞ ግን እኔ ራሴ . . ."

"ተው። ተው እባክህ።" ከገመዱ ባሻገር ወደ ቆመው ሕዝብ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ጭንቅላቴን ሳላነሣ ዓይኔን ብቻ ላክሁ። የልጅ ልጃቸው ከፊት ለፊት ቆማ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ እየዘለለች ታጨበጭባለች።

"አሁን ያሸነፍነው እኛ ነን ብላት ታምነኛለች?" አሉኝ።