በእጅ የተሰፋው ማልያ

ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራውን ሰውዬ ባልደረቦቹ «ቁምሳጥን» ይሉታል። ትከሻው በር ይሞላል፤ ሆዱም ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ሐኪሙ «ደም ግፊትህ አላማረኝም፤ ካልተንቀሳቀስክ ልጆችህን አታሳድግም» ሲለው ብስክሌት ገዛ። ብስክሌቱ ቻለው። ያስቸገረው ልብስ ነበር።

ያልዞረበት የስፖርት ልብስ ሱቅ የለም። ትልቅ የተባለው ማልያ ደረቱ ላይ ሲደርስ ዚፑ አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ቁምጣው ጭኑ ላይ ደርሶ ከዚህ አላልፍም ይላል። አንዷ ሻጭ «ጋሼ፣ ከዚህ የሚበልጥ ከተፈለገ ድንኳን ነው» አለችው። አብሯት ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ራት አልበላም። በሰፊ ሱሪ ሲነዳ ደግሞ ጨርቁ ካቴናው ውስጥ እየገባ ሁለት ጊዜ አስፋልት ላይ ጣለው።

አንድ ቅዳሜ ሰልባጅ ተራ ውስጥ፣ ከአንድ ክምር ሥር፣ ጥቁር ሰማያዊ ማልያ ከነቁምጣው አገኘ። እዚያው ቆሞ ማልያውን ሞከረው። ዚፑ ሳይንገራገር እስከ አንገቱ ወጣ። ብብቱ ሥር ለመንቀሳቀስ እንዲመች ቁራጭ ጨርቅ ተጨምሮበታል፤ ጀርባው ላይ ሦስት ኪስ አለው። የፋብሪካ ምልክት ግን የለውም። ግራ ትከሻው ላይ ተቀዶ በወፍራም ክር በችኮላ ተጠቅሟል።

ሚስቱ ስታጥበው ውሃው ቡናማ ሆነ። ደፍታ ቀየረችው፤ አሁንም ቡናማ ሆነ።

«የማን እንደነበር ጠይቀሃል?» አለችው።

«አሁን የእኔ ነው» አላት።

ሰኞ ጠዋት ለብሶት ወጣ። ሰፈሩ መውጫ ላይ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ አጠገብ፣ ጎማውን የሚነፋለት ብስክሌት ጠጋኝ አለ። ጠጋኙ ቀልደኛ ነው፤ ሁልጊዜ «መጣ የእኔ ከባድ መኪና» ብሎ ነበር የሚቀበለው። የዚያን ቀን ቀና ብሎ አየውና መንፊያውን እንደያዘ ቀረ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከሰልባጅ። ልክ በልኬ አይደል?»

«ጣለው። የማያውቁት ሰው የለበሰው ልብስ ጥሩ አይደለም።»

«ስንት ዘመን ፈልጌ ያገኘሁትን?»

ጠጋኙ መንፊያውን መሬት ላይ ጣለ። ጎማውንም ሳይነፋለት ወደ ውስጥ ገባ። ቁምሳጥን «ምን ነክቶት ነው?» እያለ ሄደ።

ከማግስቱ ጀምሮ አንዲት ነጭ መኪና ትከተለው ጀመር። ሲፈጥን ትፈጥናለች፤ ሲያዘግም ታዘግማለች። ቦታ ለቆ እለፊ ቢላትም አታልፍም። ረቡዕም ከኋላው ነበረች፤ ሐሙስም። ለሚስቱ አልነገራትም፤ እንቅልፍ ግን አጣ። ዓርብ ዕለት ብስክሌቱን መንገድ ዳር አቆመና ዞረ። መኪናዋም ቆመች። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ወረደች። ዓይኗ ልብሱ ላይ እንጂ ፊቱ ላይ አልነበረም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄን ልብስ ማን ሰጠህ?»

«ገዝቼው ነው እህቴ። ምነው?»

«እሱ የትም አይገዛም። ባለቤቴ እንዳንተ ትልቅ ሰው ነው፤ የሚሆነው ስናጣ ሦስት ማልያ ፈትቼ እኔ ነኝ የሰፋሁለት። የመሃለኛውን ኪስ ገልብጠው።»

ገለበጠው። ውስጡ በቀይ ክር «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ተጠልፏል።

ባሏ ከስምንት ወር በፊት ማለዳ ብስክሌቱን ይዞ እንደወጣ አልተመለሰም። አስከሬንም፣ ብስክሌትም አልተገኘም።

«ከኋላ ሳይህ እሱን መሰልከኝ» አለችው። «እስከ ዛሬ ያላለፍኩህ ፊትህን እንዳላይ ፈርቼ ነው።»

ቁምሳጥን ኪሱን መለሰው። ጃኬቱን ከላይ ደረበና አብሯት ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ከመርማሪው ጋር ሰልባጅ ተራ ሲደርሱ ሻጩ ብዙም አላሰበም። ልብሱ ያለበትን ጆንያ ያመጣችው የብስክሌት ጠጋኙ ሚስት ነበረች። ጓዳ ስታጸዳ አሮጌ ልብስ መስሏት፣ ቀዳዳውን ጠቅማ ከሌላው ጋር ሸጠችው እንጂ ምንም አታውቅም።

ጠጋኙ ሲይዙት አልካደም። የሴትየዋ ባል የጠፋ ዕለት ማለዳ በጭጋግ፣ በተዋሰው ፒካፕ፣ መታጠፊያው ላይ ገጭቶታል። አንስቶ ሱቁ አስገባው፤ ቁስሉን ለማየት ልብሱን አወለቀለት። ሐኪም ቤት ልውሰደው፣ አልውሰደው እያለ ሲፈራ ሲቸር ሰውየው አንድ ሰዓት ያህል ውሃ እየለመነው ቆይቶ ሞተ። አስከሬኑን ሥራ ያቆመ ድንጋይ ማውጫ ውስጥ ቀበረው። ብስክሌቱን ፈታትቶ ለደንበኞቹ ሸጠው። መርማሪው የሟቹን ሰፊ ኮርቻ ለማግኘት ሩቅ አልሄደም፤ ቁምሳጥን ከሁለት ወር በፊት «ላንተ የሚሆን አገኘሁልህ» ተብሎ የገዛው ነበር። ለካ በየቀኑ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። 

አስከሬኑ ከድንጋይ ማውጫው ወጥቶ ሲቀበር የቁምሳጥን ሚስት «አትሂድ፣ ምናቸው ነህ?» ብትለውም ሄደ። ሰው እንዳያየው ከሁሉም ኋላ፣ ግንቡ አጠገብ፣ ፊቱን አዙሮ ቆመ። አፈሩ ሲመለስ ከበስተኋላው የሚጎተት እግር ሰማ። የሟቹ እናት ነበሩ፤ ዓይናቸው እምብዛም አያይም። የደገፏቸውን ሴቶች እጅ አስለቅቀው መጡና መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ። ከትከሻው እስከ ወገቡ ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«መጣህ?» አሉ።

ሴቶቹ ደንግጠው ሊወስዷቸው ሲሉ ቁምሳጥን በእጁ «ተዉአቸው» ብሎ ምልክት ሰጠ። አልዞረም።  እጃቸውን እስኪያነሱ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ቆመ።