ሁለቴ ማንኳኳት

የሚጨበጨብልኝ ዘፈን ግማሹ የዳሶም ነው። ይህን በጊዜው ብናገር ምን ነበረበት!

ሴኡል ውስጥ አንድ ጎሺዎን፣ ጠባብ ክፍሎች በርካሽ የሚከራዩበት ቤት፣ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተከራይተን ኖረናል፤ እኔ ስድስት ቁጥር፣ እሷ ሰባት ቁጥር። ክፍሎቹ እጅ ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የሚያስነኩ ናቸው። ድምፅ ክልክል ነው፤ ያስነጠሰ ሰው እንኳ በሩ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን በጣታችን ሁለቴ እናንኳኳ ነበር። "አለሁ፤ አለሽ?" ማለታችን ነው። ከዚያ ወጥ ቤት ተገናኝተን የቤቱን ነፃ ሩዝ በአንድ እንቁላል እንካፈላለን።

"ቦሪም፣ ይህችን ማንኳኳት ዘፈን አታደርጊያትም? ድምፅሽ ሻወር ቤት ሊቀር ነው እንዴ?" አለችኝ አንድ ቀን።

ግጥሙን እሷ አወጣች፣ ዜማውን እኔ። አንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት በዘፈኑ ዙሪያ የሠራሁትን ሙዚቃዊ ተውኔት ስትቀበለኝ ግን ፖስተሩ ላይ የወጣው የእኔ ስም ብቻ ነው። ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኔ ግን ሌብነት ነበር። የተሻለ ቤት አግኝቼ ስወጣ ዳሶም ሻንጣዬን እስከ ደረጃው ይዛልኝ፣ "ሂጂ እንግዲህ፣ አንቺ ኮከብ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ መቀመጫ በስሟ አስይዝ ነበር። የመጣች ዕለት መድረክ ላይ ስሟን ልጠራና ይቅርታ ልለምናት ቆርጬ ነበር። አልመጣችም። ሰኞ ቲያትር ቤቱ ዝግ ስለሆነ እንቁላል ገዝቼ እኔው ሄድኩ።

ሰባት ቁጥር በር ላይ ሦስት ቢጫ ወረቀቶች ተለጥፈዋል።

"ግድግዳውን አታንኳኪ። ሰው ያጠናል።"

"በየጠዋቱ ሁለቴ! ምን ዓይነት ልማድ ነው?"

"ስላቆምሽ አመሰግናለሁ።"

አከራይዋ እትዬ ኦክሱን ከወጥ ቤት ወጥተው ሲያዩኝ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። "ልጄ፣ ሐሙስ ነው ያገኘናት። ልቧ ነው አሉ። ከሞተች አምስት ቀን ሆኗት ነበር። አስከሬኗ ከተቃጠለ በኋላ አመዷን ወንድሟ ከገጠር መጥቶ ወሰደ።"

እንቁላሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

የስድስት ቁጥር በር ገርበብ አለ። ለፈተና የምታጠናዋ አዲሷ ተከራይ ነበረች፤ አልቅሳለች። "ወረቀቶቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንኳኳቷ ምን ማለት እንደሆነ ማን ነገረኝ፣ እህቴ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ትኬት ለቆረጠ ሁሉ የምዘፍነውን፣ ለእሷ የነገራት ሰው አልነበረም። ክፍሉን ስለቅላት ልነግራት እችል ነበር።

በማግስቱ ከዘፈኑ በፊት ወደ ተመልካቹ ዞሬ፣ "ግጥሙ የቻ ዳሶም ነው። ጓደኛዬ ነበረች፤ ሞታለች" አልኩ። የተውኔቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። መድረኩ ላይ የቆመውን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ሁለቴ አንኳኳሁ። ከማዶ ጎረቤቴን ሆና የምትጫወተው ባልደረባዬ ወዲያው መለሰችልኝ፤ ሥራዋ ነው።