የመኪናው ጥላ

«ማናት ይቺ?» አለች አሰፋች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

የሺሃረግም አላወቀቻትም። ሴትዮዋ ወደ ድንኳኑ ስትገባ አይታታለች። ሌላው ለቀስተኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲደረደር፣ እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ቀጥ ብላ መጣችና የሟች ሚስት የሺሃረግና የሟች እህት አሰፋች የተቀመጡበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፍራሽ የቤተሰብ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አሰላ ውስጥ የለም። ከኋላዋ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ቆማለች፤ አፉ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ማዳበሪያ አቅፋለች።

የሺሃረግ ዓይን ክሩ ላይ ቀረ።

ስፌቱን ታውቀዋለች። ባሏ ጌትነት ከአቦምሳ በተመለሰ ቁጥር እንዲህ የተሰፋ ማዳበሪያ ከጭነት መኪናው ጋቢና ያወርድ ነበር፤ ውስጡ ሎሚ ነው። «ከገበያ ነው» ይላል። የገበያ ነጋዴ ለደንበኛው ሎሚ እንዲህ አሳምሮ እንደማይሰፋ እስከ ዛሬ አስባ አታውቅም። አሁን አሰበች።

«ልጅቷን እያት» አለች አሰፋች ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ግንባሯ የማን ነው?»

«ዝም በይ፣ አሰፋች።»

«እኔ ዝም አልኩ። ግንባሩ ነው ዝም ያላለው።»

ሰልስቱ ነበር። ጌትነት ዲክሲስ ላይ ገብስ ሲያስጭን ደረቱን ይዞ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው አልተነሳም። መኪናውን ጓደኛው ኢርሻድ ነድቶ አምጥቶ ከአጥሩ ጥግ አቆመው። ለቀስተኛው ወንድ ፀሐይ ሲበረታበት ከመኪናው ጥላ ስር እየሄደ ይቀመጣል።

የሺሃረግ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ከጎንደር ተመድባ አሰላ ስትገባ አልጋዋንና መጻሕፍቷን ከናዝሬት ጭኖ ያመጣላት ጌትነት ነበር። ሊጋቡ ሲሉ ባልደረቦቿ «ሹፌር? እርግጠኛ ነሽ?» ብለዋት ነበር። እርግጠኛ ነበረች። ኪሱን አንድ ቀን ፈትሻ አታውቅም፤ ስልኩ ሲጠራ ከክፍሉ ትወጣለች። በዚህም በሆዷ ትኮራ ነበር። እሱም ብዙ አይናገርም። መንገዱ እንዴት ነበር ስትለው «መንገዱ ደህና ነው» ይላል። ከጋብቻቸው በፊት የት እንደነበረ ስትጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ «አቦምሳ ጋራዥ ሠርቻለሁ» አላት፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

አንድ ልማድ ነበረው። ጠዋት ሞተር ከማስነሣቱ በፊት መኪናውን ይዞራል፤ ይንበረከካል፤ ጉንጩን ከመሬት ሊያገናኝ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ስሩን ያያል። ግቢው ባዶ ቢሆንም፣ ዝናብ ቢዘንብም።

«ድመት ጠፋብህ?» ትለው ነበር ከመስኮት።

«ልማድ ነው።»

ሱሪውን ስታጥብ የሚያስቸግራት ሁልጊዜ ጉልበቱ ነበር።

ኢርሻድ የውኃ ጀሪካን ይዞ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ሴትዮዋን አየ። ጀሪካኑን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ ሁለት እጆቿን ሳመ። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተባባሉ። ሴትዮዋ ራሱን ዳበሰችው።

የሺሃረግ በዓይኗ ጠራችው። «ታውቃታለህ?»

ኢርሻድ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። «የአቦምሳ ሹፌር ሁሉ ያውቃታል።»

«ጌትነትስ?»

«እህቴ፣ ይህን የምነግርሽ እኔ አይደለሁም።» ጀሪካኑን እዚያው ትቶ ወጣ።

«በቃ!» አለች አሰፋች። «ላስወጣት? አንድ ቃል በይኝ ብቻ።»

«አንድም ቃል አልልሽም።»

የሺሃረግ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ሀዘንተኛ ከፍራሽ ሲነሣ ሰው ሁሉ ያያል፤ አዩዋት። ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ እስቲ ይምጡ።»

ጓዳ ይዛት ገብታ በሩን ዘጋች። ሴትዮዋ ሳትጋበዝ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ነዎት?»

«ቢፍቱ እባላለሁ። አልነገረሽም?»

«ምንም።» የሺሃረግ ድምፅ በፈተና ሲኮርጅ የያዘችውን ተማሪ የምታናግርበት ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«አንቺን ሳያውቅ በፊት።»

«ልጅቷስ?»

«አሚራ?» ቢፍቱ ቀና ብላ አየቻት። ቀስ ብሎ ነገሩ ገባት። «ወይ ራቢ፣ ወይ ጌታዬ! አንቺ ልጅ፣ አባቷ ቤት ነው ያለው። እግሩን ባይታመም አብሮን ይመጣ ነበር።»

የሺሃረግ ፊቷ ጋለ። ግን አላፈገፈገችም። «ታዲያ ፍራሹ ላይ ለምን ተቀመጡ?»

«ልጄ ነዋ። ልጅ የሞተባት እናት የት ነው የምትቀመጠው?»

ከውጭ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ቢፍቱ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች።

«ቃሲም የሚባል ልጅ ነበረኝ። ትንሽ ነው፣ ጥርሱ ገና መነቀል መጀመሩ ነበር። ገበያ ይዤው ወጣሁ። የአቦምሳን ሙቀት ታውቂያለሽ። እኔ ሎሚ ስሸጥ እሱ ከቆመ መኪና ስር ገብቶ ተኛ፤ ለጥላው ብሎ። ባለ መኪናው ምሳውን በልቶ መጣና አስነሣ።» የጆንያውን ጫፍ ጨበጠች። «አላየውም። እኔም አላየሁትም።»

የሺሃረግ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ታሰረ። ሲወጣ ሽማግሌዎች ለጉማ፣ ለደም እርቁ ይዘውት መጡ። ለምለም ሳር ይዞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። ባሌ ይቅር አለ፤ ዘመድ ሁሉ ይቅር አለ። እኔ ግን ተነሥቼ ‹እንግዲያው በልጄ ቦታ ግባ!› አልኩት። ተናድጄ ነው እኮ። ልቤ ተቃጥሎ ነው። ማን እንዲህ ያለውን ነገር እውነት ብሎ ይይዛል?»

«እሱ ያዘው» አለች የሺሃረግ።

«ያዘው። በመጣ ቁጥር ይገባል። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው። ባሌን ሐኪም ቤት ተሸክሞ የወሰደው እሱ ነው። እኔም ውዬ አድሬ ሎሚ እሰፋለት ጀመር። ሚስትህን አምጣት ስለው ‹እሷ ስታየኝ ሌላ ሰው ነው የምታየው፤ ይቆይልኝ› ይላል።»

ይቆይልኝ። የሺሃረግ ልትቆጣ ፈለገች፤ ተቆጣችም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ! ኪሱን አለመፈተሿ፣ ያ የምትኮራበት ነገር፣ ይህን ለብቻው እንዲሸከም መተው ኖሯል? ሌላስ ምን አልነገራትም? ሱሪው ግን ትዝ አላት። በመታጠቢያው ውኃ ውስጥ ስትፈትግ የኖረችው ሁለት ጉልበት።

ከውጭ የዕድሩ ሰብሳቢ ድምፅ ተሰማ። «ኢርሻድ! ሌላ ድንኳን ልንተክል ነው፤ እስቲ መኪናውን ወደዚያ አንሣልን!»

የጋቢናው በር ተዘጋ።

የሺሃረግ በሩን በርግዳ ወጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሣችውም። በባዶ እግሯ በለቀስተኛው መካከል ሮጠች።

«ኢርሻድ! ቆይ! እንዳታስነሣ!»

ኢርሻድ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። እሷን ሲያያት ቁልፉን ነቅሎ ወደ ውጭ ዘረጋው፣ እንድታየው።

ጥላው ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ተነሥተው ቆመዋል። ስሩ ባዶ እንደሚሆን ታውቃለች። ተንበረከከች። መዳፏን አፈሩ ላይ አድርጋ ጉንጯን ዝቅ አደረገች። የፈሰሰ ገብስ፣ የደረቀ የዘይት ጠብታ፣ ከዚያ ማዶ የሰዎች ጫማ። ተነሥታ ዞረች፤ በዚያኛውም ጎን ተንበረከከች።

«ምን ጠፋ?» አለ አንዱ።

ቢፍቱ ተከትላት ወጥታ ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«አሁን ንዳ» አለች የሺሃረግ።

አሰፋች ነጠላውን ይዛ ሮጣ ደረሰች። «ምን ሆነሻል አንቺ? ጥቁር ቀሚስሽን እይው፣ ጉልበቱ አፈር በአፈር!» ልታራግፍላት ጎንበስ አለች።

የሺሃረግ እጇን ያዘቻት።

«ተይው» አለች።