የተማለበት ብስኩት

የማቀዝቀዣውን ክዳን ከዘጋችው በኋላም እጇን አላነሳችም። ፌንጣዎቹ ጥቂት ተንጫጩ፤ ብርዱ ሲያደነዝዛቸው ድምፃቸው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታደርገው። ሆዳቸው እንዲጠራ ታስርባቸዋለች፣ በብርድ ታስተኛቸዋለች፣ ከዚያ ቀቅላ፣ አድርቃ ትፈጫቸዋለች። ዱቄቱ የተቆላ ለውዝ ለውዝ ይሸታል። ምንም የሚያስጠላ ነገር የለውም እያለች ለራሷ ደጋግማ ትናገራለች።

ዛሬ ብስኩቷ ማዕዘኑ ላይ ባለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ለሽያጭ ቀርቧል። ባለሱቁ «ሰው የሚበላውን አውቆ ይብላ» ስላላት፣ ማሸጊያው ላይ አረንጓዴ ፌንጣ ጎላ ተደርጋ ተስላለች። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ሊበላ ነው። ሳያውቁ የከረሙት አባቷ ብቻ ናቸው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷ እህል አልወርድ ብሏቸው ነበር። ሥጋውን ጥርሳቸው አልችል አለ፤ እንቁላሉን ጠሉት። ብስኩቱን ግን ወደዱት። ጉንጫቸው ሞላ፣ ምርኩዛቸውን ጥለው ደጅ መውጣት ጀመሩ። ከግድግዳው ወዲያ የሚንጫጩት ምን እንደሆኑ ሲጠይቋት «ለዶሮ መኖ ነው» አለቻቸው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ከረመች። ለጤናቸው ብቻ ብላ ቢሆን ኖሮ በቀለላት። ግን ሳያውቅ የሚቀምስላት ሰውም ያስፈልጋት ነበር። ስኳሩን የቀነሰችው፣ ቀረፋውን የጨመረችው በአባቷ ምላስ ነው። ይህን ስታስብ ታፍራለች።

ማሸጊያው ሳይቀድማት መንገር አለባት። ሽርጧን ፈታችና ወደ ቤት ገባች።

አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ብስኩት ይቆረጥማሉ። «ዛሬስ ዝም አሉ፣ እነዚያ የዶሮ ቀለቦችሽ» አሉ እየሳቁ።

እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ ለዶሮ አይደሉም። ዋሽቼዎት ነው። ብስኩቱ የሚሠራው ከእነሱ ነው።»

አባቷ በእጃቸው የያዙትን ቁራሽ ተመለከቱ። ይተፉታል ብላ ጠበቀች፤ ቢተፉት፣ ቢቆጧት በወደደች ነበር። እሳቸው ግን ቁራሹን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እኔስ በልቼ ድኛለሁ» አሉ። «ልብስ ሰፊው ግን?»

ልብስ ሰፊው የጎን ቤት ጎረቤትና የአባቷ የልብ ጓደኛ ናቸው። ዝንብ ካረፈበት የማይቀምሱ፣ ሰው ቤት ውሃ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው የሚመረምሩ ሰው።

«ለእሳቸውም ይሰጡ ነበር?»

«ብቻዬን እበላለሁ እንዴ? ምን ምን አለው ብሎ ሲያስጨንቀኝ አንቺን ጠየቅኩሽ። ዱቄትና ስኳር ነው አልሽኝ። አላምን ሲለኝ ማልኩለት።»

«በምን ማሉለት?»

«የእናትሽ አጥንት ይውጋኝ ብዬ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባቷን ማታለሏን ታውቅ ነበር፤ እናቷን ከመቃብር ጠርታ ለውሸት ማስመስከሯን ግን አሁን ነው ያወቀችው።

«እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ትነግሪዋለሽ። መሐላው ግን የኔ ነው፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ከዚያም ለመነሳት ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ። «እስቲ ምርኩዜን አቀብዪኝ።»

ከበሩ ጀርባ አቧራ ለብሶ አገኘችው። በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠቻቸው።

የጎረቤቱን በር ስታንኳኳ የስፌት መኪናው ድምፅ ተቋረጠ። ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል እንዳደረጉ ከፈቱ። መጀመሪያ ምርኩዙን፣ ቀጥሎ የእሷን ባዶ እጅ አዩ።

«ምነው፣ ብስኩቴስ? እኔ እሱን ብዬ ቁርስም አልቀመስኩ!»

አባቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትከሻዋን ያዙ።

«ጋሼ» አለች፣ «ስለ ብስኩቱ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩዋት።